አባትሽ ሥራ ሊቀጠር የጻፋቸው ሁለት ወረቀቶች

አርፋችሁ ተቀመጡ! አንተ ከመስኮቱ ውረድ፤ አንቺም እግርሽን ሰብስቢ። እስክሪብቶ የያዘችው የወንድሜ ልጅ ብቻ ናት፤ ሌሎቻችሁ ጆሯችሁን ይዛችሁ ዝም በሉ። በይ ጻፊ። እኔ የምልሽን እንጂ "ለማሳመር" እያልሽ የራስሽን እንዳትጨምሪ፤ ማሳመሩን ለኔ ተዪው።

ሰውን የጎረቤትህን ታሪክ ጻፍ ቢሉት ወረቀት አይበቃውም። ማን ምን እንደበላ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ማንን እንደምትመስል፣ አንድም አይቀረው። የራስህን ጻፍ ቢሉት ግን ወይ ይዋሻል ወይ ያፍራል። እናንተ የዛሬዎቹ መዋሸቱን መርጣችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ። ይቺ እስክሪብቶ ይዛ የተጎለተችው እንኳ የሰው ልጆች ቤታቸው እየሄደች ልታስጠና "ሲቪ" የሚሉትን ነገር ጽፋ ትናንት አነበበችልኝ። "ከሕፃናት ጋር በትዕግሥት የመሥራት ከፍተኛ ልምድ" ይላል። ትዕግሥት! ታናሽ ወንድሟ አንዱን ነገር ሁለቴ ከጠየቃት ደብተሩ በመስኮት ነው የሚወጣው። ምነው ቆምሽ? ጻፊው እንጂ! ስላንቺ ሲሆን እጅሽ ይደክማል?

ለነገሩ አልፈርድብሽም። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጣልያን ጊዜ ይህንኑ ወረቀት እጽፋለሁ ብሎ ለጥቂት ነው ያልተሰቀለው። እሱ ደሞ ውሸት አይችልም። ነገሩ፣ እኛ አገር ሰው ስለራሱ የሚናገርበት መንገድ ሁለት ብቻ ሆኖ ነው ጉድ የሠራን።

አንቺ አባትሽን የምታውቂው ሸምግሎ ነው። ያኔ ከቅኔ ቤት ዐሥራ ሁለት ዓመት ከርሞ የመጣ፣ እግሩ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ ከዳዊት የከበደ ነገር አንሥቶ የማያውቅ ጎልማሳ ነበር። እዚሁ ጎንደር፣ ከደብራችን ቅጥር ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ፊደል ያስቆጥራል። ጣልያን ሲገባ ተማሪዎቹ ከነቤተሰባቸው ወደ ገጠር ሸሹና ሰውዬው ለዛፉ ብቻ የሚያስተምር መምህር ሆኖ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሥልጣኔ የመጣልን። ሥልጣኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ድንጋይ ነው። በደባርቅ አድርጎ የሊማሊሞን ገደል እየቆረጠ የሚወርድ የማኪና መንገድ ይሠራል ተባለ። የሰፈሩ ሹም በየበሩ እየዞረ፣ የሥራ ወረቀት የሌለው ወንድ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ይሰለፋል አለ። በፈቃደኝነት ነው አለን፤ ፈቃደኛ ያልሆነውን ደግሞ አስረው ይወስዱታል። ከኛ በታች ያለው ጎረቤታችን በፊተኛው ዙር በፈቃደኝነት ዐሥር ጣት ይዞ ሄዶ በሰባት ተመልሷል። አያትሽ ያንን እጅ ካየች ወዲህ የልጇን ጣቶች እያየች እህል አልወርድ አላት። አባትሽ ሊማሊሞ ቢሄድ ድንጋዩ ሳይሆን ብርዱ ብቻ ይበቃው ነበር። ሹሙ የዞረው ሰኞ ነው። እስከ ቅዳሜ ወረቀት ማግኘት አለብን።

ማክሰኞ ዕለት ወሬ ሰማሁ። እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ፒያሳ ዱቄት ለሚሸጥ አንድ ሲኞር ቤት እንቁላል አቀብል ነበር። ሲኞሩ አማርኛ የሚያስተምረው ሰው ፈልጓል። ለምን አትዪም? በአስተርጓሚው ስለተጠራጠረ ነዋ! አስተርጓሚው ባሻ ገላው የሚባል፣ ጫማው ከፊቱ የሚያበራ ሰው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ትል ያለበት ዱቄት ተሽጦላት መጥታ ሲኞሩ እግር ላይ ዘረገፈችው። የአባቱን አጥንት ሳይቀር አንሥታ ሰደበችው። ባሻ ገላው ሰምቶ ሰምቶ፣ "ምስጋና ልታቀርብ መጥታ ነው" ብሎ ተረጎመ። ሲኞሩ ሞኝ ቢሆንም የዱቄቱን ትል ከእግሩ ላይ እያራገፈ ምስጋና ነው ብሎ የሚያምን ያህል ሞኝ አልነበረም።

ሲኞሩ ታዲያ ወንድሜ መምህር መሆኑን ከኔ ሲሰማ አንድ ነገር አዘዘ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተማረ፣ ማንን እንዳስተማረ፣ ምን እንደሚችል በወረቀት ጽፎ ያምጣ አለ። ኩሪኩሉም ነው ያለው፤ ያንቺው ሲቪ መሆኑ ነው።

አባትሽ ብርዑን ቀረጸ፤ ቀዩንም ጥቁሩንም ቀለም በጠበጠ፤ ግማሽ ቀን ጻፈ። መቼም የቤተ ክህነት ሰው ራሱን ሲያወድስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ድጓውን በቃሉ የሚወጣ ሰው "ተምረሃል ወይ?" ቢሉት "ጥቂት ለቃቅሜ ነበር፣ ረሳሁት" ነው መልሱ። የሚያመሰግንሽ መምህርሽ ነው፤ አንቺ ራስሽን ትረግሚያለሽ። መጽሐፍ ጽፎ የጨረሰ ሁሉ ከሥሩ ስሙን የሚያሰፍረው እየተዋረደ ነው። አባትሽም ወጉን ጠብቆ ጻፈዋ! "እኔ ኃጢአተኛው፣ ከሰው ሁሉ የማንሰው፣ ትል፣ ትቢያ፣ በስም መምህር በሥራ ግን ወንበዴ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከሊቃውንት እግር ሥር ተጎልቼ እንጀራቸውን ከመጨረስ በቀር የረባ ነገር ያልያዝኩ..." እያለ ይወርዳል። አያትሽ ሲነበብላት ከማማሩ የተነሣ አለቀሰች። "አሁን ይሄን ሰምቶ ማን ይጨክናል?" አለች።

ይዘን ሄድን። እኔ የሄድኩት ሲኞሩን ስለማውቀው ነው፤ ደግሞም አባትሽ መንገድ ላይ ሁሉንም እያሳለፈ በጊዜ ስለማይደርስ። ባሻ ገላው ወረቀቱን ተቀበለና ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲያይ ፊቱ በራ። ይሄ ሰው ከተቀጠረ የሱ እንጀራ እንደሚያበቃ ያውቃል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ ተረጎመ! ወንበዴውንም፣ ትሉንም፣ የተበላውንም እንጀራ። ሲኞሩ ዓይኑ ፈጠጠና የሠራው ወንጀል ምንድን ነው፣ ስርቆት ነው ወይ፣ ሴት ነው ወይ፣ ብሎ አስጠየቀው። አባትሽ አንገቱን ደፍቶ ምን ቢል ደስ ይልሻል?

"ሁሉንም፣ ጌታዬ።"

ምን ያድርግ? ክርስቲያን ከኃጢአት መርጦ ይናዘዛል እንዴ? ተባረርን።

ረቡዕ ዕለት አጎታችን አያ ደሴ ከጠዳ ጤፍ አስጭኖ መጣ። አያ ደሴ በሰርግም በልቅሶም ሳይፎክር ገበታ የማይቀርብ ሰው ነው። ጉዳዩን ሲሰማ ጭኑን መታና፣ "ልጁን የገደለው ትሕትና ነው! ፈረንጅ የሚፈልገው ጀግና ነው። እኔ ልበል፣ አንተ ጻፍ!" አለ። ሁለተኛው መንገድ ይኸውልሽ! ወይ ትል መሆን ነው፣ ወይ አንበሳ፤ መሐል ላይ ሰው የሚባል ነገር የለንም። ቆሞ፣ ዱላውን ወድሮ፣ እየተንጎራደደ፦

"ዘራፍ! ገዳይ ዐሥሩን ባንድ ጠዋት፣
የማይበገር በጉልበት፣ የማይረታ በብዛት!"

አባትሽ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም ብሎ ለመነው። እውነቱን ነው፤ ለዶሮ ጎረቤት ነበር የምንጠራው። አያ ደሴ ግን "አንተ ሰውዬ፣ ዐሥር ተማሪ ባንድ ጠዋት ፊደል አስቆጥረህ የለም ወይ? ያ መግደል አይደለም? ከዚህ የበለጠ ምን መግደል አለ!" አለው። አያትሽ ደግሞ ጻፍ ጣትህ ሳያልቅ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ዓይኑን ጨፍኖ ጻፈው። ኅሊናው እምቢ ብሎት ግን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል "ይህን ያሉት አጎቴ ናቸው" ብሎ ጨመረበት።

ሐሙስ ጠዋት ሄድን። ቦታው አልተያዘም፤ ባሻ ገላው የመጣውን ሁሉ "ተይዟል" እያለ ሲመልስ ነው የሰነበተው። ሲኞሩ አባትሽን ሲያይ "የሁሉም ኃጢአት ባለቤት መጣ" አለና ሳቀ። ባሻ ገላው ወረቀቱን አየ። አየና በቀስታ ወደ ዱቄቱ ጆንያ ፈቀቅ አለ። ጫካው በአርበኛ ተሞልቶ ጣልያን በየቀኑ ሬሳ የሚቆጥርበት ሰሞን መሆኑን አትርሺ። "ሲኞር፣ ይህ ሰው ባንድ ጠዋት ዐሥር ሰው መግደሉን ጽፎ፣ ፈርሞ አምጥቷል" አለ። የደቃቁን ፊደል ነገር አላነበበም፤ ዓይኑ እስከዚያ አይደርስም መሰለኝ። ይህን ብሎ ከጆንያው ኋላ ገባ።

ሲኞሩ ነጣ። እኔ እንቁላሌን ጥዬ ልሩጥ ወይስ ወንድሜን ይዤ ልሩጥ ስል፣ ሲኞሩ በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ በዚያች ባለችው ስባሪ አማርኛ መጮህ ጀመረ። ካራቢኜሪ፣ የጣልያኑን ፖሊስ፣ ጥራ ማለቱ ነው። "ትራ! ካራቢኜሪ ትራ!" ይላል። ዘበኛው ሲኞሩ የሆነ ነገር ተራ ነው የሚል መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ቆሟል።

አባትሽ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደ ቄጠማ ሲንቀጠቀጥ የነበረው አባትሽ፣ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ማስተማር የለመደ ሰው ስሕተት ሲሰማ ሞቱንም ይረሳል ለካ! "አይደለም" አለው። "ጌታዬ" ማለቱ ቀረ። "'ት' አይደለም። ምላስህን ከላይ አጣብቅና በኃይል ልቀቀው። ጥ! በል።"

ሲኞሩ "ት" አለ።

"ቁም!" አለው፣ በእጁም እያሳየ። ያ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ጣልያን ተነሥቶ ቆመ! "እጅህን አጣምር። አሁን፣ ጥ!" ሲኞሩ ይላል፤ አባትሽ ራሱን ይነቀንቃል፤ እንደገና ያስብለዋል። አንዴማ እንደ ተማሪ ቤቱ ወግ ጭኑን ሊቆነጥጠው እጁን ዘርግቶ፣ የማን ጭን እንደሆነ ትዝ ሲለው መለሰው። ዐሥር ጊዜ፣ ዐሥራ አምስት ጊዜ። በመጨረሻ ሲኞሩ ደም ሥሩ ተገታትሮ "ጥራ!" ሲል ቤቱ ተናጋ። ያን ጊዜ ዘበኛው ብር ብሎ ገባና "ማንን ልጥራ፣ ጌታዬ?" አለ።

ሲኞሩ ጎንደር ከገባ ጀምሮ በአማርኛ ተናግሮ ሰው ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው። ማንን ሊያስጠራ እንደነበር ጠፋበት። ዘበኛውን አስወጥቶ፣ እንደገና "ጥራ!" ብሎ ጮኾ አስገባው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲጫወት ቆየና ባሻ ገላውን ከጆንያው ኋላ አስወጥቶ፣ ወረቀቱን ቅደደው፣ ሰውዬውን ግን አትልቀቀው አለ። አባትሽ ተቀጠረ። አየሽ፣ ያስቀጠረው የጻፈው አይደለም፤ የጻፈውማ ሊያሰቅለው ነበር። ባሻ ገላው ደግሞ አትዘኚለት፤ በሳምንቱ መማር የማይፈልግ ሌላ ጣልያን አግኝቷል።

ማኅተም ያለበት የሥራ ወረቀት ይዘን ገባን። አያትሽ የጣልያን መሆኑን እያወቀች ሳመችው። ቅዳሜ ሹሙ መጣ፤ ወረቀቱን ዘቅዝቆ አነበበው፤ ገብቶኛል ብሎ ሄደ። እልል አልን። እሑድ ዶሮ ታረደ፤ በጎረቤት እጅ።

ሰኞ ጠዋት ማኪና በራችን ቆመ። ሲኞሩ ለመንገድ ሠራተኞቹ ዱቄት ሊያቀርብ ተዋውሎ ኖሯል፤ ሱቁን ለሰው ትቶ ከሠራተኞቹ ሰፈር ሊከርም ነው፤ መምህሩንም ይዞ። ሰፈሩ የት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሊማሊሞ! ፈቃደኞቹ ታስረው በእግራቸው አቧራ እየላሱ ሲሄዱ፣ አባትሽ ጋቢናው ውስጥ ከሲኞሩ ጎን ተቀምጦ በክብር ወደዚያው ገደል ሄደ። አያትሽ ልታለቅስ ወይ ልትመርቅ ጨንቋት ሁለቱንም አደረገች።

ትምህርቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ድንኳን ውስጥ ነበር። አባትሽ ደግሞ በሹክሹክታ ማስተማር አያውቅበትም፤ እንደ ደብሩ ግቢ እየጮኸ ነው። ሲኞሩም እየጮኸ ይመልሳል። ከሥር ድንጋይ የሚፈልጡት ሰዎች ምን ያድርጉ? "ሀ" ሲባል መዶሻ፣ "ሁ" ሲባል መዶሻ። አዛዡ ሥራው ስለፈጠነለት ደስ አለው። ክረምት ሲገባ ሰዎቹ ፊደሉን ጨርሰው መልእክተ ዮሐንስ ጀምረዋል። ሲኞሩ? ከዚያች ከ"ጥራ" በቀር አንድም ነገር አልገባውም።

ጣልያን ሲወጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል ተባለና አባትሽ ሄደ። አሁንም ወረቀት! ማንን እንዳስተማረ ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ፣ "አንድ ጣልያን ነበር፤ እሱም አልያዘልኝም" አለ። ይህን ቃል ተቀብሎ የሚጽፈው ጸሐፊ ደግሞ ቀና ብሎ ሲያየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሊማሊሞ ላይ ከድንኳኑ ሥር መዶሻ ይዞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲ...

አቤት! ማነው? ወፍጮ ቤት ተራዬ ደረሰ? ሊዘሉኝ? እስቲ ይሞክሩኝ! መጣሁ፣ መጣሁ! አንቺ ደሞ እዚያው ላይ ያዢው፣ ጸሐፊው እስክሪብቶውን ወርውሮ ብድግ አለና፣ "የኔታ፣ እኔን እኮ...