እሾህ የለሹ አጥር

በወጣቶች ማኅበራችን እንደ እኔ ንግግር የምታሳምር ልጅ አልተፈጠረችም። ለጉራ አይደለም፤ ጭብጨባውን የሰማ ሁሉ ይመስክር። የፈረንጅ ግራር ወደ ቆቦ በክብር ሲገባም ውዳሴውን እንዳነብ የተመረጥኩት እኔው ነኝ።

ዛፍስ እሱ ነው! አበባው እንደ ጫጩት ቢጫና ለስላሳ። ቅጠል የሚመስለው ነገር ቅጠል አይደለም፤ የቅጠልን ቦታ የያዘ ጠፍጣፋ ዘንግ ነው። ይህን ሲያስረዱን ሁላችንም ሳናስበው ወደ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ዞር አልን። ፈጥኖ ያድጋል፤ ፈጥኖም ይሞታል። ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከንግግሬ ተሰርዛለች። ከሁሉ በላይ ግን እሾህ የለውም!

እሾህ፣ ከደሴ የተላኩልን ካድሬ ጓድ ወልደ ሚካኤል እንዳብራሩት፣ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው። በመሆኑም በዋጃ መንገድ ዳር ያለው የእትዬ መይሙና ማሽላ የእሾህ አጥሩ ተነሥቶ በፈረንጅ ግራር ይታጠር ዘንድ ተወሰነ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊያልፉ ነዋ! እትዬ መይሙና ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ የዓመት ቀለባቸውም ያቺው ማሽላ ናት።

«ጌታው፣ ችግኙ እኮ ጉልበቴን አይደርስም። በመንገዱ የሚያልፈውን ግመል በምን ልመልሰው?» አሉ።

«በንቃት!» አሉ ጓድ ወልደ ሚካኤል።

«በማን ንቃት? በኔ ነው በግመሉ?»

«በሰፊው ሕዝብ!»

አጨበጨብን።

የተነሣው እሾህም በከንቱ አልተጣለም። የግብርና መሥሪያ ቤቱን ችግኝ ጣቢያ ፍየል አላስቀምጥ ብሎት ስለነበር፣ ዙሪያውን ታጠረበት። አድኃሪው እሾህ በመጨረሻ ለአብዮቱ ዘብ ቆመ።

እንግዶቹ በመኪና አለፉ። መስኮቱ ዝግ ነበር፤ እኔ ግን ንግግሬን እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

በማግስቱ ከአፋር በኩል ጨው የጫኑ ግመሎች መጡ። መጀመሪያ አጥሩን በሉት። እሾህ አለመኖሩ፣ እንደተባለውም፣ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለጉሮሮ ይመቻል። ከዚያ ሰተት ብለው ማሽላው ውስጥ ገቡ። ግመል ነጂው እየሮጠ ሲደርስ የቀረው ቆረን፣ የአገዳው ጉቶ፣ ብቻ ነበር።

ጓድ ወልደ ሚካኤል ጉዳዩን በጥልቀት መርምረው፣ ጥፋቱ የፖለቲካ ትምህርት ያልወሰዱት ግመሎች መሆኑን ደረሱበት። እኔንም የተጎጂዋን ሞራል እንድገነባ ላኩኝ።

እትዬ መይሙና ጎንበስ ብለው የተረገጠ አገዳ ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ አይዞዎት» ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የፈረንጅ ግራር ፈጥኖ ያድጋል። ከርሞ ቢጫ አበባው ሲፈነዳ…»

«እኔ የምበላው ዘንድሮ ነው።»

«ገባኝ፤ ግን ዛፉ በተፈጥሮው…»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ዛፉ ካንቺ ይሻላል። እሱስ ዝም ብሎ ነው የተበላው።»