ዓሣ ከመብላት በፊት ሰማይ ማየት

ጅግጅጋ ባሕር የላትም። ይህን የምነግራችሁ ካርታ ማንበብ አትችሉም ብዬ ሳይሆን እኛው ራሳችን አንዳንዴ ስለምንረሳው ነው። ነፋስ ግን ሞልቶ ተርፎናል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ነፋሱ ቀድሞኝ ሥራ ገብቶ አገኘዋለሁ፤ ትናንት የሸጥኳቸውን ፌስታሎች አንድ በአንድ ከመሬት እያነሳ በቁልቋል አጥሩ፣ በመብራት ሽቦው፣ በሰው ጃንጥላ ላይ ሲያከፋፍል ይውላል። የተረፈውን ጎርፍ ይረከበዋል። ጎርፉ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀን አናውቅም፤ ከሰፈራችን ከወጣ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ሰሞኑን በየሻይ ቤቱ ስለ ባሕር በር የሚከራከረውን ሁሉ ስሰማ በሆዴ እስቃለሁ። ፌስታሎቻችን እኮ ባሕር ከገቡ ቆይተዋል፤ ያውም ያለ ስምምነት፣ ያለ ጭብጨባ።

ፌስታል ሻጭ መሆኔን እንግዲህ ሳላስበው ነገርኳችሁ። ቢጫ ፌስታል። በዚህ መንደር ቢጫውን የማመጣው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰው ገና ከሩቅ ሲያየው «ከእገሌ ሱቅ ነው» ይላል። አንድ ሰሞን እኮራበት ነበር።

ሆዳን ጎረቤቴ ናት፤ የእኔ ሱቅና የሷ ቤት በአንድ ቆርቆሮ አጥር ይለያያሉ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። የእጅ ወርቋን ሸጣ ትልቅ ፍሪጅ ገዛችና፣ ከበርበራ ወደብ በቶጎጫሌ በኩል በበረዶ ታሽጎ የሚመጣ ዓሣ የምትጠብስበት ቤት ከፈተች። የግመል አገር ላይ ዓሣ። ዘመዶቿ ሳይቀሩ አሾፉባት። እሷ ግን ቀኑን አውቃ ነበር የከፈተችው፤ ሁዳዴ ገብቶ እኛ ጿሚዎቹ ሽሮ የሰለቸን ሰሞን ነው። «ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም» የሚለውን የቆየ ክርክር፣ ጠረኑ በአጥሩ በኩል ሲመጣ፣ በአጭሩ ዘጋነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ክርስቲያን ነው፤ ሆዳን ሙስሊም ናት። በጉርብትና ስንኖር ሻይ ተጠጣጥተናል፣ ለቅሶ ተደራርሰናል፣ ልጅ ተጠባብቀናል። ሥጋ ግን አብረን በልተን አናውቅም። የእኔ ለሷ አይሆንም፣ የሷ ለእኔ አይሆንም፤ ይህን ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዓሣን ግን ማንም አይባርከውም። ሃይማኖቱን ሳይናገር ከውኃ ወጥቶ ይሞታል። ስለዚህ እኔና ሆዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ትሪ የበላነው በዓሣ ምክንያት ነው። ያን ቀን ደስ አለኝ፤ ሳልናገረው ቀረሁ እንጂ።

የከተማችን ሰው ሥጋ ሲገዛ ጉበቱንና አንጀቱን ካላየ አያምንም። ሆዳንም ዓሣውን ሆዱ ሳይከፈት እያስመጣች፣ በላተኛው ፊት በቢላ ቀድዳ «እዩ» ትል ነበር። አይተን፣ ራሳችንን ነቅንቀን፣ ምን እንዳየን ሳናውቅ እንበላለን። አንድ ቀን መምህር ኤርሚያስ አጠገቤ ተቀምጧል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ምግብ ፊት ለፊቱ ቀርቦም ማስተማር የማያቆም ሰው ነው። ሆዳን ቀደደችው። ከዓሣው ሆድ ጣት የምታህል ቁራጭ ፌስታል ወጣች።

ቢጫ።

«ቢጫ እኮ በርበራም ይኖራል» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

መምህሩ ቁራጯን በሹካ አንስቶ ማስረዳት ጀመረ። ይቺ ትልቋ ናት አለ፤ ዋናው በዓይን የማይታየው ነው። ፌስታሉን ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ማዕበል ይፈጨዋል፣ ዓሣው ምግብ መስሎት ይውጠዋል። የአየሩም ጠባይ ያግዛል። ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ የየብሱን ቆሻሻ ጠራርጎ ባሕር ውስጥ ይከታል። ነፋስ ሲበረታ ከሥር የተኛው ተበጥብጦ ይነሳል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ብዙው ዓሣ ቶሎ ቶሎ ይርበዋል፤ የራበው አይመርጥም። እኛም የዓሣው ነገር ገብቶን ሳንመርጥ በላን።

ትምህርቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን በማግስቱ ከተማው በራሱ ቋንቋ አሳጥሮ ያዘው፦ ዝናብ ሲዘንብ ዓሣ አይበላም።

የት ሲዘንብ? ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው ወደ ሆዳን ቤት ይመጣና በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ካራማራ ተራራ ያዞራል። ደመና ካለ «ምስር አለሽ?» ይላል። ከሌለ ገብቶ ዓሣ ያዛል። በርበራ ስንት ወር ጠብ ሳይልላት፣ ዓሣው ገና ሰማያችን ብራ ሳለ በበረዶ ታሽጎ መጥቶ፣ እኛ ጅግጅጋ ላይ በጣለው ካፊያ እንፈርድበታለን። መምህሩ ሊያርም ሞከረ። የባሕሩ አየር እንጂ የእኛ አይደለም፣ ጎርፍም በአንድ ቀን ባሕር አይደርስም አለ። ማን ሰምቶት። ይባስ ብሎ አንድ ቀን እሱ ራሱ ከመቀመጡ በፊት ቀና ሲል ያዝኩት። ቀጥሎ ነፋስ ሲነፍስም አይበላም ተባለ። ጅግጅጋ ነፋስ የማይነፍስበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የሆዳን ወንበሮች ባዶ ሆኑ። አንድ ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል መጣች።

«ወላል» አለችኝ፤ ወንድም ማለቷ ነው። «እንዲህ ከቀጠለ ፍሪጁን እሸጣለሁ። ነገ ምሳ ሰዓት በሩ አጠገብ ቁጭ ብለህ ብላልኝ። ሰው ይይህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ካራማራ ላይ እንደ ቡጢ የተጨበጠ ጥቁር ደመና ተቀመጠ። እኔም በድንገት መስተካከል ያለባቸው ካርቶኖች ታዩኝ። ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብዬ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ካርቶን ሳስተካክል ዋልኩ። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት፤ በሩ አጠገብ አንድ ወንበር አውጥታ፣ በጨርቅ ጠርጋ፣ ቆማ ትጠብቃለች። አልሄድኩም። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ፌስታሉን የሸጥኩት እኔ፣ ዓሣውን የፈራሁት እኔ፣ የከሰረችው እሷ።

በሳምንቱ ዓሣውን ትታ የፍየል ሥጋ ጀመረች። የማይጾመው ሰው ተመለሰላት። እኔ ግን ጾሙ ቢፈታም መመለስ አልችልም ነበር፤ ፍየል እንደ ዓሣ አይደለም፣ ተባርኮ ነው የሚታረደው። ትሪያችን እንደገና ተለያየ። ሰላምታ ትሰጠኝ ነበር፤ ወላል ማለቱን ግን ተወችው።

ፋሲካ ደረሰ። ከቱሊ ጉሌድ ወረዳ የመጣ ፍየል ገዝቼ በግቢዬ አሳረድኩ። አራጁ ጨጓራውን ሲከፍተው ቢላው አልሄድ አለው። ጎትቶ ጎትቶ አንድ ቋጠሮ አወጣ። የልጆች የጨርቅ ኳስ የሚያህል፣ ተጠቅልሎ የደረቀ ፌስታል። ታጠበና ቀለሙ ወጣ። መቼም ቀለሙን አትጠይቁኝም።

ቀና ስል ሆዳን በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ቆማለች። በእጇ የያዘችው ከራሷ ፍየል ሆድ ጠዋት የወጣውን ፌስታል ነው። እሱም ቢጫ። ሥጋችን ለየብቻ፣ ፌስታላችን አንድ።

«ዛሬ ሰማዩ እንዴት ነው?» አለችኝ።

አየሁ። አንድ ደመና የለም። ነፋሱ እንኳ፣ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ጸጥ ብሏል።

«ጥርት ያለ ነው» አልኩ።

«ፍየሎቹ እንግዲያው ዝናብ አልጠበቁም።» ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቀድሜ ያቆምኩት እኔ ነኝ። «ማክሰኞ ከሉን አስመጣለሁ» አለች ቀጥላ፤ ዓሣ ማለቷ ነው። «ዝናብ ቢመጣም ትመጣለህ፣ ወላል።» ጥያቄ አልነበረም።

ያን ዕለት አንድ ከባድ ውሳኔ ወሰንኩ። ፌስታል መሸጥ አቆምኩ ብዬ እንድጨርስላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አዝናለሁ። ቢጫውን ነው ያቆምኩት። አሁን የማመጣው ጥቁር ነው። ጥቁር በየሱቁ አለ፤ ከየትኛውም ሆድ ቢወጣ የእገሌ ነው የሚል አይኖርም።

ማክሰኞ ዘነበ። ካራማራ እስኪጠፋ ዘነበ። ቤቴ ሙሉ የፍየል ሥጋ እያለ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ሱቄን ዘግቼ ዓሣ ልበላ ወጣሁ። መንገደኛው ከየጥጉ ተጠልሎ ያየኛል። መምህር ኤርሚያስም ጃንጥላውን ይዞ ከኋላዬ ደረሰ። ሆዳን ያን ወንበር በሩ አጠገብ አወጣችልኝ፤ አንድ ትሪ አቅርባ እሷም ከጎናችን ተቀመጠች። ዓሣውን መሐላችን አጋደመች፣ ቢላውን ሆዱ ላይ አሳረፈችና ቀደደችው።

«እዩ» አለች።

እኔና መምህሩ ቀና ብለን ሰማዩን አየን።