የወርቅ አውጫጭኝ

ሕግ የሚያከብር ሰው ሁሉ የባላምባራስ ጀምበሩ ስም ሲነሳ ከተቀመጠበት ብድግ ሊል ይገባዋል። ሌባ የያዙ ሹማምንት ብዙ ናቸው፤ ሽፍታ ያሳደዱም አልጠፉም። መሬትን በስርቆት ጠርጥሮ፣ አገር ሰብስቦ የመረመረ ሹም ግን ከሽንፋ ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ ከእሳቸው በቀር አልተሰማም። ሥራቸው እንዲሁ ተረስቶ ቢቀር ነውሩ የእኛ ነው።

ጊዜው ጣልያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ባላምባራስ የሚገዙት መንደር ከመተማ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አጥርቶ የሚያውቅ የለም። ጣልያን ሲገባ ከሁሉ ቀድመው ወጥተው እጅ ነሱ፤ ካፒቴኑ «አንተ ማን ነህ?» ቢላቸው «ባላምባራስ ጀምበሩ» አሉ፤ በዚያው ጸደቀ። ሹመት ከእግዚአብሔር ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በዚያ ጥቅምት ካፒቴኑ ከመተማ ቃል ላከ። ወርቅና መዳብ የሚፈልግ መሐንዲስ ይመጣል፤ ወርቁ ከተገኘ ጀምበሩ ግራዝማች ይባላል፣ ካልተገኘ ሹመቱ ለሌላ ይሰጣል የሚል ነበር። ባላምባራስ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው። ሹመት የለመደ አንገት ያለ ሹመት እንዴት ቀና ይላል?

መሐንዲሱ በበቅሎ መጣ። ወገቡ ላይ መዶሻ አንጠልጥሏል፣ ፊቱ በቆላው ፀሐይ ቀልቶ በርበሬ መስሏል። ከኋላው አስተርጓሚው በሽርና ጥቂት ወታደሮች ነበሩ። በሽር የመተማ ነጋዴ ነው፤ በየዓመቱ የዚያን መንደር ሰሊጥ ገዝቶ ገዳሪፍ ያሻግራል። ጣልያንኛውን የተማረው ተሰነይ ጨርቅ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ነገሩ ስለ ክንድና ስለ ዋጋ ሲሆን ቋንቋው እንደ ውሃ ይወርድለታል፤ ስለ ከርሰ ምድር ሲሆን ግን ያገኘውን ቃል ይቀጥልበታል።

ከባላምባራስ ደጅ በቆመው ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። መሐንዲሱ አንድ ነጭ ባልጩት አንስቶ እያገላበጠ ብዙ ተናገረ።

«ምን ይላል?» አሉ ባላምባራስ።

በሽር ጉሮሮውን ጠረገ። «መሬት ደም ሥር አላት ይላል።»

«ደም ሥር?»

«ደም ሥር። ወርቁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ድሮ ከጥልቁ ፍል ውሃ ተነሳ፤ ወርቁን ተሸክሞ ነበር። በድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ላይ መጣ። ሲበርደው ጊዜ ወርቁን ባልጩት ዘንድ አስቀምጦ ጠፋ።»

ባላምባራስ ከመቀመጫቸው ከፍ አሉ። «ተሸክሞ ሾለከ ነው ያለው?»

«ወላሂ፣ እንደዚያ ነው ያለው።»

«ብቻውን ነው?»

በሽር ጠየቀና ተመለሰ። «መዳብም አብሮት ነበር ይላል። መዳብ አየር ሲነካው አረንጓዴ ይዝጋል፣ በሱ ይታወቃል።»

«እሰይ! የግብረ አበሩን መልክ ነገረን። መቼ ነው የሆነው?»

መሐንዲሱ እየሳቀ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ሺህ ጊዜ ሺህ ዓመት አልፎታል» አለ በሽር።

ባላምባራስ እፎይ አሉ። «ተመስገን! በእኔ ሹመት አይደለም።»

እኔና እርስዎ ብንሆን የድንጋይና የውሃ ወሬ ሰምተን እናዛጋ ነበር። ባላምባራስ ግን የሰሙት ክስ ነው፦ ፍል ውሃ ሌባ፣ መዳብ ግብረ አበር፣ ባልጩት ተቀባይ። መሐንዲሱ በመጨረሻ አገሬውን ጠይቁልኝ፣ ነጭ ድንጋይ ከአረንጓዴ ዝገት ጋር የት እንዳለ ዕለት ዕለት የሚረግጠው ሰው ያውቃል ሲል፣ በሽር አሳጥሮ «ሕዝቡ ያውቃል ይላል» አለ።

«ያውቃል?» ባላምባራስ ጭናቸውን መቱ። «እያወቀ ነዋ ዝም ያለው! በሉ አውጫጭኝ ይጠራ!»

አውጫጭኝ የአባት ሕግ ነው። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ አገሩ በሙሉ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጎረቤቱን ፊት ለፊት ማጋለጥ የሚወድ ስለሌለ፣ የሚያውቅ ሰው በስውር ለሽማግሎች ሹክ ይላል። ይህ ስውር ሰው «ወፍ» ይባላል። ሽማግሎቹም ስም ሳይጠሩ «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ይናገራሉ። በዚህ ሕግ የተሰረቀ በሬም በቅሎም ተገኝቷል። ባላምባራስ በሬ የተገኘበት ሕግ ወርቅ እንዴት ያቅተዋል አሉ። እውነታቸውን ነው።

በማግሥቱ ነጋሪት ተጎሰመ። «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ወርቅ የሸሸገ፣ ሲሸሸግ ያየ፣ ከፍል ውሃ ጋር የዋለ ያደረ ሁሉ ስንቁን ይዞ ሜዳ ይውጣ!»

ሕዝቡ ወጣ፤ ዙሪያውን በእሾህ ታጠረ። ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ ሰው አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ ዛላው አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ይረጨዋል፣ የዓመት ልፋት ለወፍና ለጉንዳን ይሆናል። ባላምባራስ ይህን አልዘነጉም። ሕግ ለሁሉም እኩል ነውና አንድም ሰው እንዳይቀር አዘዙ። የእሳቸው አጫጆች ብቻ «በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ» ተብለው ቀሩ። የእሳቸው ሰሊጥ በጊዜው ታጭዶ፣ ነዶ ነዶው ታስሮ ማሳው ላይ ቆመ።

ምርመራው ተጀመረ። መጀመሪያ የቀረበችው ባፈና ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከአንዲት ማሳ በቀር የሌላት ሴት።

«ከፍል ውሃ ጋር ትውውቅ አለሽ?» አሏት ባላምባራስ።

«ቁርጥማት ይዞኝ አንድ ጊዜ ገብቼበታለሁ፣ ጌታዬ።»

«ይያዝልኝ! መገናኘቷን አምናለች።»

«ኧረ ጌታዬ፣ እባክዎ ይልቀቁኝ፣ ሰሊጤ አፉን ከፈተ!»

«አንቺስ መቼ ነው የምትከፍቺው?»

ባፈና አለቀሰች። የሽማግሎቹ አለቃ አያ እንግዳው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ባላምባራስ፣ ሕጉን እናውቀዋለን። አውጫጭኝ ያለ ባለ ንብረት አይሆንም። የተሰረቀው የማን ወርቅ ነው?»

«የመንግሥት።»

«ሺህ ጊዜ ሺህ ዓመት አልፎታል አላላችሁም? ያን ጊዜ የነበረ መንግሥት ማን ነው? ጣልያን ነበር እዚህ?»

በሽር ሳል ያዘው። ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ሳትተረጎም ቀርታለች።

መሐንዲሱ ደግሞ ወንዝ ለወንዝ ድንጋይ እየቀጠቀጠ ደስ ብሎት ይውላል። አንድ ቀን በእሾህ አጥሩ አጠገብ ሲያልፍ ያን ሁሉ ሰው አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። በሽር «ለክብርዎ የወጡ ናቸው» አለው። መሐንዲሱም ባርኔጣውን እያውለበለበ ሰላምታ ሰጠና ሄደ። ሕዝቡ የመለሰለትን ሰላምታ እዚህ ላይ መድገም ነውር ነው።

የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ አሰበች ምሳ ይዘው መጡ፤ ሰዉን አይተው ምሳውን ከማቅረባቸው በፊት ተቆጡ። «በሰሊጥ ቀን ሰው እንዲህ ይደረጋል? ምነው፣ እግዜርን አይፈሩም?»

«ዝም በይ፤ የኛ ታጭዷል።»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አሉ ወይዘሮ አሰበች።

በዚያው ቀን ጥላ ሲዞር ሽማግሎቹ ተነሡ። «ወፍ ገብታለች» አሉ አያ እንግዳው። ባላምባራስ ቶሎ ብለው በርኖሳቸውን ደረቡ፤ ግራዝማችነት ያለ በርኖስ አይቀበሉትም። መሐንዲሱም ተጠርቶ መጣ።

«እህስ፣ ምን አለች?»

«ወፍ እንዳለችው፣ ተቀባዩ ባልጩት ያለው እርስዎ ማሳ ላይ ነው። ነዶዎ ከቆመበት ሥር። አረንጓዴውም ዝገት አብሮ አለ።»

ባላምባራስ ዞረው ወደ ማሳቸው አዩ። ውሸት ቢሆን በተገላገሉ፤ ነገር ግን በነጩ ድንጋይ አራሾቻቸው ማረሻ ሰበረብን እያሉ ስንት ጊዜ አማርረዋል። «ይህማ… ወፍ ተሳስታ…» ብለው ሳይጨርሱ በሽር የሽማግሎቹን ቃል ለመሐንዲሱ አስተላልፎ ጨረሰ። አስተርጓሚ ከሆነ ጀምሮ አንዲት ቃል ሳያጎድል የተረጎመው ያኔ ነው። የሚገዛው ሰሊጥም በዚያ ሜዳ ከታጎረው ሰው ማሳ ላይ እየረገፈ ነበረ።

አጥሩ ተከፈተ። ባፈና ማጭድ ከማን እጅ እንደነጠቀች ሳታውቅ ሮጠች፤ ሌላውም ተከተላት። የባላምባራስን ማሳ ደግሞ ወታደሮች ወረሩት።

የደረቀ የሰሊጥ ነዶ አያያዝ አለው። ቀጥ አድርገው ካልያዙት፣ ከዘቀዘቁት፣ ያለውን ፍሬ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይተፋል። ወታደሮቹ ሰሊጥ የሚያውቁት በዳቦ ላይ ነው። እግሩን እየያዙ ዘቅዝቀው ወዲያ ወዲህ ይወረውሩት ጀመር፤ ፍሬው እንደ ዝናብ ወረደ።

«ቀጥ! ቀጥ!» ብለው ጮኹ ባላምባራስ፣ በርኖሳቸውን እየጎተቱ።

«ምን ይላል?» አለ መሐንዲሱ።

«ቀጥሉ ይላሉ» አለ በሽር።

ቀጠሉ። ሲቆፈር ነጩ ድንጋይ በእርግጥ ወጣ፤ ከመሬት ውስጥ ረዝሞ የተጋደመ፣ አረንጓዴ ዝገት የነካካው ደም ሥር። ውስጡ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ባላምባራስ ለጊዜው ሰሊጣቸውን ረስተው «እልል በሉ!» ሊሉ ሲሉ መሐንዲሱ በመዶሻው መታው፣ አሸተተው፣ ወረወረው። የድኝ ሽታ ሸተተ።

«ብረትና ድኝ ነው ይላል» አለ በሽር። «መዳቡም ከዝገቱ በቀር የለም። ፍል ውሃው መጥቶ ነበር፣ ግን ባዶ እጁን ነው የመጣው።»

ለመሐንዲስ ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ካፒቴኑ ግን ስለ ድንጋይ ትዕግሥት አልነበረውም። ነገሩን ሰምቶ ከመተማ ድረስ መጣና ባላምባራስን አቆማቸው። በሽር ሲያስተረጉም «አንተ»ን ወደ «እርስዎ» እንኳ አልለወጠላቸውም።

«ደም ሥሩ አለ። ባልጩቱ አለ። አገሩ በሙሉ መስክሯል። ወርቁን የት አደረስከው?»

«ጌታዬ፣ ወርቅ አልነበረም! ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ እንዴት ይሰርቃል? ውሃ እንዴት ይከሰሳል?»

«ተሰርቋል ብለህ አገር የሰበሰብክ አንተ አይደለህም?»

ባላምባራስ በዚያ ቀን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ማዕድን እውነቱን ተናገሩ፤ የሚያምናቸው አጡ። ራሳቸው ባሳጠሩት የእሾህ አጥር ውስጥ ገቡ፤ ወርቁ ያለበትን እስኪናገሩ እንዳይወጡ ታዘዘ። ካፒቴኑ መሐንዲሱን ይዞ ወደ መተማ ተመለሰ። ለአገር የተሠራ አጥር ለአንድ ሰው ሲሆን እንዴት ይሰፋል! ከየማሳው የአጫጆች ዘፈን ይሰማል፤ ባፈና ከሰሊጧ ግማሹን ያህል አድናለች ተባለ። የባላምባራስን ግን አፈር በልቶታል። 

ወይዘሮ አሰበች ስንቅ ይዘው መጡ። «እንግዲህ ወፍ እስክትገባ ነዋ» አሏቸው።

«ከየት የምትገባ ወፍ? ብቻዬን አይደለሁም ወይ!»

«እንግዲያው አንቱው ይብረሩ።»

ባላምባራስ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ አያ እንግዳውን አስጠርተው፣ በእሾሁ መካከል ጆሯቸው ላይ ለረጅም ጊዜ አንሾካሾኩ። አያ እንግዳው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሌሎቹን ሽማግሎች ይዘው መተማ ወረዱ።

ካፒቴኑ ቤቱ ውስጥ ባለው ቢሮው፣ መሐንዲሱና በሽር ባሉበት ተቀበላቸው። «ተናገረ?»

«እሳቸውስ ምንም አላሉም። ወፍ ናት የገባች» አሉ አያ እንግዳው።

«ምን አለች?»

«ወርቁ ያለው እርስዎ ቤት ሥር ነው አለች። ደረጃዎ በሙሉ ነጭ ባልጩት ነው፣ ጌታዬ። ሕጉ ሕግ ነው፤ ይቆፈር ወይስ እርስዎም ሜዳ ይወጣሉ?»

ካፒቴኑ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ከአሥመራም ሆነ ከሮም ይህን ወሬ ማን ማን ሊሰማው እንደሚችል አሰበና ሳቁን አቆመ። እዚያው ሳይቀመጥ ትእዛዝ ሰጠ፦ በዚህ አገር ወርቅ የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ አለ የሚል ይቀጣል፣ ባላምባራስ ጀምበሩ አሁኑኑ ይፈቱ።

ሽማግሎቹ እጅ ነሥተው ወጡ። መውረጃው ላይ ግን ቆም ማለት ግድ ሆነባቸው፤ መሐንዲሱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ተንበርክኮ፣ የካፒቴኑን ደረጃ በመዶሻው ከታች ጀምሮ እያፈረሰ ነበር።