ማዝጋን ያለው የመናፍስት ቤት

ሰው ለመፍራት ወረፋ ይዞ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ማየት ብቻ አይደለም፣ ራሴም ቆሜያለሁ። ድሮ የምናውቀው ፍርሃት ሳይጠሩት የሚመጣ ነበር። አሁን ትኬት ተቆርጦለት፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት በር ላይ ተለጥፎለት፣ ልጅ አዝለው የሚገቡበት ነገር ሆኗል። አልፈርድም። ሙቀት ሰውን የማያስገባው ቦታ የለም። ነሐሴን እዚህ አገር ያሳለፈ ይረዳኛል፤ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለልን አውቶቡስ እንጠብቃለን፣ የማንገዛውን ዕቃ እያገላበጥን ቀዝቃዛ ሱቅ ውስጥ እንቆያለን፣ የማንወደውን ዘመድ እንኳ ቤቱ ማዝጋን ካለው እንጠይቃለን። ማዝጋን ማለት ያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀዝቃዛ አየር የሚተፋው ሣጥን ነው። ከፊት ነው የሚቀዘቅዘው። ጀርባውን የሚያይ የለም።

የምሠራው ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ፣ የጠርሙስ ክዳን በሚያመርት ፋብሪካ ነው። ቫዓዱ፣ ማለትም የሠራተኛው ኮሚቴ፣ በየበጋው ከነቤተሰባችን አንድ ቀን ያዝናናናል። በዚያ ዓመት የተመረጠው ከባሕሩ ዳርቻ ያለ ትልቅ የመጫወቻ ፓርክ ነበር። ማን እንደመረጠው አላውቅም፤ በክረምት፣ ሹራብ ለብሶ የመረጠው ሰው መሆን አለበት።

አማቴ እማማ የሺ መሄድ አልፈለጉም ነበር። ሰባ አልፏቸዋል። ጎንደር ላይ ወደዚህ አገር የመምጫ ተራቸው እስኪደርስ ዓመታት ጠብቀው ዘግይተው የመጡ ናቸው፤ ዕብራይስጣቸውም ከሰላምታና ከምስጋና አያልፍም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የእኛ ማዝጋን ተበላሽቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን እንደ ምድጃ ሆኖ ነበርና እሳቸውን ብቻቸውን ትቶ መሄድ አልሆነልንም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የውኃ ጠርሙሳቸውን ታቅፈው፣ ከባለቤቴ ከትሁንና ከዘጠኝ ዓመት ልጃችን ከሊያ ጋር አውቶቡሱ ላይ ተሳፈሩ።

የቂርያት ጋት ሙቀት ሲጠብስህ ደረቅ አድርጎ ነው፤ ቢያንስ ምን እያደረገህ እንደሆነ ታውቃለህ። የባሕሩ ዳርቻ ግን ወበቅ ነው። ከአውቶቡሱ ስንወርድ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። መጫወቻዎቹ የብረት ናቸው፤ ሊያ አንዱ ላይ ቁጭ ከማለቷ ብድግ አለች። ኮፍያችንን ውኃ ነከርን፤ በደቂቃ ደረቀ። በረዶ አንገታችን ላይ አሰርን፤ ቀለጠ። በየመንገዱ ጭጋግ የሚረጩ ትልልቅ ማራገቢያዎች ነበሩ፤ ሰው እየተጠጋ ጭጋጉ ውስጥ ይጠፋና ከወዲያ ማዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሳይ ብቻ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አላለኝም።

እኩለ ቀን ላይ ሊያ ሮጣ መጣች።

«አባ፣ እዚያ ውስጥ ማዝጋን አለ።»

«እዚያ» የመናፍስት ቤት ነው። ጥቁር ቤት፣ ውስጡን እንደ ባቡር በተቀጣጠሉ ትናንሽ ጋሪዎች የሚዞሩበት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛ ትንፋሽ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወረፋው በሙሉ ዓይኑን ይጨፍናል። ጥፍር የተሳለበትና ደም የተቀባበት ግድግዳ ሥር ያን ሁሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዩት፣ ምን ልበላችሁ፣ ጸሎት ይመስላል።

መጀመሪያ ሦስታችን ገባን፤ እማማ የሺ ጥላ ሥር ዕቃ ይጠብቁ ነበር። ውስጡ ጨለማና ብርድ ነው። አጽም ይንጠለጠላል፣ የሬሳ ሣጥን ይከፈታል፣ አንድ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ፊት ይዳስሳል። ሰዉ ይጮኻል፣ ይስቃል። ከዚያ ባቡሩ ለመታጠፍ ቀስ የሚልበት አንድ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ድምፅ፣ አጠገቤ ያለ ሰው ሚስጥር እንደሚነግረኝ ያህል ቀርቦ፣

«ውኃ» አለ።

በአማርኛ። የክንዴ ፀጉር ቆመ። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ድምፁን ሲሰሙ በደስታ ጮኹ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? መንፈስ አማርኛ ከየት ያውቃል? ጆሮዬ ነው፣ ሙቀቱ ነው ብዬ ወጣሁ። ለማንም አልነገርሁም።

ስንመለስ እማማ የሺ ያልጠየቅናቸውን ጥያቄ ይመልሱ ጀመር። «የለም፣ ገና አልነጋም» አሉ። ከንፈራቸው ደርቋል። ትሁን ደነገጠች፤ ፊታቸውን ረጨቻቸው፣ አጠጣቻቸው። ትንሽ ሲመለሱ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ቦታ ማስገባት አለብን ተባባልን። በአካባቢው ቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«ውስጡ ምን አለ?» አሉ።

«ሰይጣኖች፣ ሳቭታ» አለች ሊያ። አያቷን እንደ እኩዮቿ በዕብራይስጥ ሳቭታ ነው የምትላቸው። «ግን የውሸት ናቸው።»

«ለሰይጣን ነው ቀዝቃዛውን ቤት የሰጡት?» አሉና ተነሡ።

አሁን ትሁን ዕቃ ልትጠብቅ ቀረች። ሊያ ከአያቷ ጋር እንድትቀመጥ ብንለምናት እጄን አለቅም አለች፤ ስለዚህ እማማ የሺ ከእኛ ኋላ፣ የመጨረሻው ጋሪ ላይ፣ ጠርሙሳቸውን ታቅፈው ብቻቸውን ተቀመጡ። የመቀመጫውን መያዣ ብረት ጭናቸው ላይ ዝቅ አድርጌ ቆለፍሁት። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ጆሮዬን አቆምሁ።

«ውኃ… እናቴ…»

ያው ድምፅ ነው። የተቀዳ ነው አልሁ ለራሴ፤ ማሽን ነው፣ ለሁሉም ተሳፋሪ ይኸንኑ ይላል። ነገር ግን ከቅድሙ ይልቅ ደክሟል። የተቀዳ ድምፅ አይደክምም። ይህን ሳስብ ባቡሩ ታጥፎ ብርሃን ላይ አወጣን፤ ዞር አልሁ።

ከኋላችን ያለው ጋሪ ባዶ ነበር።

ብረቱ እንደተቆለፈ ነው። መቀመጫው ላይ ነጠላቸው አለ። እሳቸው የሉም።

ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ ጎልማሳ፣ ስነግረው አየት አደረገኝና «ከኋላህ ማንም አልነበረም» አለኝ። እንግዲህ ፍርሃት ያን ጊዜ መጣ፤ ትኬት የማይቆረጥለት፣ ያ የጥንቱ። ለቅጽበት አመንሁት። ምናልባት ይዘናቸው አልመጣን ይሆናል፣ ምናልባት ቤት ነው ያሉት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ። ነጠላውን አንሥቼ አሳየሁት። ሰውዬው ነጠላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ማሽኑን አጠፋ።

መብራት ሲበራ የመናፍስቱ ቤት ቆርቆሮና ሽቦ ነው። አጽሙ ላስቲክ ነው፣ ደሙ ቀለም። በጨለማ ያስፈራኝ ነገር ሁሉ እዚያው ተገትሮ ያየኛል፤ በብርሃን ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ፣ እማማ የሺን የሚደብቅ አንድም የለማ። ጮኽሁ። ሙዚቃው ቆመ፣ ሞተሩ ቆመ። በጸጥታው ውስጥ ከግድግዳው ጀርባ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ሲያወሩ ሰማሁ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የ… የበላይ።»

«አገርህስ ወዴት ነው?»

መልሱ አልተሰማም።

ሰውዬው በጥቁር ቀለም ከግድግዳው ጋር የተመሳሰለች ጠባብ በር ገፋ አደረገ። የወጣው ሙቀት ወደ ኋላ መለሰኝ። የማዝጋኑ ጀርባ እዚያ ነበር፤ እኛን ያቀዘቀዘበትን ሙቀት በሙሉ የሚተፋው በዚያች ጓዳ ውስጥ ነው። መሬት ላይ እማማ የሺ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ተኝቷል። ቀንድ ያለው የላስቲክ ፊት አጠገባቸው ወድቋል። ከጠርሙሳቸው በእፍኛቸው እየቀዱ ከንፈሩን ያርሱለታል።

«ቀስ በሉ» አሉን፤ «ነፍሱ እየተመለሰች ነው።»

አዲሱ ይባላል። ሥራው ባቡሩ ቀስ ሲል በግድግዳው ቀዳዳ እጁን አውጥቶ ሰው ማስደንገጥ ነው። የሚተካው ሰው በዚያን ቀን አልመጣም፤ ባቡሩን የሚነዳው ሰውዬም አዲሱ ዕረፍት የወጣ መስሎት ነበር። እግሩ ከድቶት ሲወድቅ በሩ ከኋላው ተዘጋበት። አምቡላንስ እስኪመጣ ጥላ ሥር አስተኝተነው፣ ካባውን ቀደን አውልቀንለት፣ በረዶ ብብቱ ሥር አድርገንለት ቀስ በቀስ ነገረን።

«መጀመሪያ በዕብራይስጥ ነው ውኃ ብዬ የጮኽሁት። በጮኽሁ ቁጥር ሰዎቹ ይበልጥ ይደሰታሉ። ኋላ አቃተኝና በአማርኛ እናቴን ጠራሁ።»

ወረፋው አልተበተነም። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ጠጋ ብሎ መቼ እንደሚከፈት ጠየቀኝ። አልተቀየምሁትም። ሙቀት ነው።

«እንዴት ወረዱ?» አልኋቸው እማማ የሺን።

«ብረቱ ለወፍራም ሰው የተሠራ ነው። በሥር ሾለክሁ፤ በሩንም ድምፁን ተከትዬ ዳስሼ አገኘሁት።»

«አልፈሩም?»

«ምኑ ያስፈራል?» አሉኝ፤ ነጠላቸውን ከእጄ ተቀብለው እያጣፉ። «ውኃ ነው የጠየቀ።»

አውቶቡሱ ገና ከፓርኩ ሳይርቅ ታሪኩ ቀልድ ሆነ። በማግስቱ ፋብሪካው ውስጥ አማቴ መንፈስ አግብተዋል ይባል ነበር። አዲሱ ከሳምንት በላይ ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ፤ ያን ሥራም ተወ። አሁን በየዓርቡ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ እማማ የሺን በስልክ ይጠይቃቸዋል። ስልኩን እኔ ካነሣሁት ሰላምታዬን አሳጥሬ አቀብላቸዋለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ ድምፁን ረጋ ብዬ መስማት የማልችል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለትሁን ተናዘዝሁላት። ሁለት ጊዜ ሰምቼ ሁለት ጊዜ እንዳለፍሁ፣ በመጀመሪያው ደግሞ እንደሳቅሁ ነገርኋት። ትፈርድብኛለች ብዬ ነበር። የሊያን ልብስ ማጠፏን አቆመች።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች። «ከኋላችሁ ሁለት ጋሪ አልፌ ነበር የተቀመጥሁት። ውኃ ያልኸው አንተ መስለኸኝ። ስንወጣ ሳትጠይቀኝ ውኃ የሰጠሁህ ለምን ይመስልሃል?»

አስታወስሁ። በመጀመሪያው ዙር ከጥቁሩ ቤት ስንወጣ ጠርሙስ ዘርግታልኝ ነበር። ምን አስባ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር።