ጋሽ አውቄዋለሁ ያየው ፊልም

ኧረ የእሱ ነገር ተወርቶም አያልቅ። አንድ እሁድ ደግሞ እኔ ቤት ፊልሙ ገና የሠሪዎቹን ስም እየደረደረ ሳለ፣ ልብስ ሰፊያችን ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ጎትቶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ብሎን አረፈ። ሐኪም የሚባል እኮ ገና ብቅ አላለም። በኋላ አንድ ምስኪን ሐኪም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲገባ ሁላችንም በክፉ ዓይን አየነው። ሰውዬው የልጅ ትኩሳት ለክቶ ሄደ፤ ፊልሙ እስኪያልቅም አልተመለሰ። ታዲያ ጋሽዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተደብቆ ነው።»

ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። እኛ የተሰበሰብነው ፊልም ልናይ ሳይሆን እሱ ሊያስረዳን ይመስለዋል። እናቱ ያወጣችለት ጥሩ ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን ከአፉ በማትጠፋው ቃል ጠራው፤ ጋሽ አውቄዋለሁ። ሚስት ባሏን ከዳች፤ «ገና ስትስቅ አውቄዋለሁ»። ድልድዩ ተደረመሰ፤ «ሲሻገሩ አውቄዋለሁ»። መብራት ሲጠፋ እንኳ «አውቄዋለሁ» ይላል። አንተ ሰው፣ ካወቅክ ሻማ ይዘህ አትመጣም ነበር?

ዓይነ ስውር ያለበት ፊልም የመጣ ዕለትማ ጉድ ፈላ። በዚህ ነገር ክቡርነቱን የሚያህል ሊቅ የለም። የፊልም ዕውር ወይ አስመሳይ ነው፣ ወይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሁሉን የሚደርስበት ሽማግሌ ነው ይላል። ቆንጆ ልጅ ከሆነችማ መጨረሻ ላይ ፋሻዋ ይፈታል፤ መጀመሪያ የምታየውም የምትወደውን ሰው ነው። እንባ፣ ሙዚቃ፣ አበቃ። «ደግሞ ልብ በሉ» ይለናል ጣቱን ቀስሮ፣ «እንዲህ ያለ ፊልም ውስጥ ዋናው ዕውር ሁልጊዜ ዓይን ያለው ሰው ነው። ሚስቱ አፍንጫው ስር ሆና የምትሠራውን አያይም።»

ይህን ሲል ሚስትየው ከኋላው ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። እሷ አፍንጫው ስር ሆና የምትሠራውን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅማ።

ጠዋት ጠዋት እሱ ሳይነሳ ትነሳና መንገድ ዳር ያለችውን የስፌት ክፍል ትከፍታለች። መርፌዎቹ ሁሉ ላይ ክር ታስገባለች። ከዚያ መርፌ በሚሰካባት ትንሿ ትራስ ላይ በተራ ትደረድራቸዋለች፤ ጥቁሩ በስተግራ፣ ነጩ መሀል፣ ቡኒው በስተቀኝ። የስፌት መኪናውንም መርፌ አትረሳም። ከጨረሰች በኋላ ማድቤት ገብታ ድስቶቹን ታንኳኳለች፣ ከዚያ ያልወጣች ለመምሰል። እሱ ይመጣል፣ ትራሷን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል፣ ያነሳል፣ ይሰፋል። እሱም አይጠይቅ፣ እሷም አትናገር።

ዓይኑ ላይ ሞራ ከወጣ ቆይቷል። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ጥፋቱ የአምፖሎቹ ነው፤ የዘንድሮ አምፖል ብርሃን የለውም። ጋዜጣ ደግሞ ወረቀት ለመቆጠብ ፊደል አሳንሷል። አንድ ቀን በሩ ላይ የተሰቀለ የደንበኛ ካፖርት አይቶ «ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?» ብሎታል። ካፖርቱ ዝም ሲለው ጊዜ ኮራብኝ ብሎ ተቀየመው። ለአስተማሪው በሰፋው ኮት አንዱን እጅጌ ከጥቁር፣ አንዱን ከሰማያዊ ጨርቅ ቆርጦ ገጠመው። እሱ ምሳውን ሲበላ ሚስትየው ሰማያዊውን ፈትታ በጥቁር ባትቀይረው ኖሮ አስተማሪው ጉድ ሆኖ ነበር።

ሐኪም ጋ እንሂድ ብላ ያልለመነችበት ሳምንት የለም። የሞራ ነገር በጊዜ ካልተያዘ እየከበደ እንደሚሄድ ሰምታለች፤ አንድ ቀን ጭራሽ ይጨልምበታል ብላ ትሰጋለች። እሱ ደግሞ የሚሰጋው ሌላ ነው። «ዓይኑ ደከመ ከተባለ ሰፊ ጋ ማን ጨርቅ ይዞ ይመጣል?» ይላታል። ማዶ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ሰፊ ባለ መስታወት ሱቅ ከፍቷል። ሰው መንገድ ለመሻገር ሰበብ እንደማያጣ ስለምታውቅ ዝም ትላለች፤ ዝም ብላም ክሯን ታስገባለች።

እሺ፣ አሁን ዓይነ ስውር ያለበት ፊልም ወደ መጣባት እሁድ እንምጣ። ፊልሙ ላይ ማየት የተሳናት ሚስት አለች፤ ቤቷ ሰፊ ነው። ባልየው አታየኝም ብሎ እፊቷ ላይ ቆሞ ከሌላ ሴት ጋር ይጠቃቀሳል። ጋሽ አውቄዋለሁ ከፈጠሯት ሰዎች ሁሉ በላይ ተናደደ። «ታየዋለች እኮ! አስመሳይ ናት!» እያለ ጉልበቱን ይመታል። በዚህ መሀል ያ ያረጀ ቴሌቪዥኔ አመሉ ተነሳበትና ምስሉ ድርግም አለ። ድምፁ ብቻ ቀረ።

ጎረቤታችን መካኒኩ እንደ ልማዱ የቴሌቪዥኑን ጀርባ በጥፊ ሊለው ተነሳ።

«ቁጭ በል፣ ጋረድከኝ» አለው ጋሽ አውቄዋለሁ። «እዩዋት ደረጃውን ስትወርድ። ሰማያዊ ቀሚስ ነው የለበሰችው፤ ወገቡ ላይ ግን አልያዘላትም።»

የመካኒኩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጥቁሩ መስታወት ላይ የሚታየው የተደረደረው የራሳችን ፊት ብቻ ነው። ልቅሶ ቤት እንኳ ሳቁን የማይዘው መካኒክ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሁላችንም ሚስትየውን አየን። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ቀለል አድርጋ «ምስሉ ጠፋ» ብትል እሱም «አውቄዋለሁ» ብሎ ይገላገል ነበር። ስንቱን ነገር እንዲያ አድርጋ ሸፍናለታለች። ያን ቀን ግን ሰለቻት መሰለኝ፣ አልሸፈነችለትም። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ጩኸት፣ ተኩስ፣ ሙዚቃ ሆነ፤ እሱም ማን እንደወደቀ፣ እንዴት እንደወደቀ አንድ በአንድ ነገረን።

«አላልኳችሁም?» አለ ሲያበቃ።

ሚስትየው ሻሿን አስተካከለች። «ምስሉ ከጠፋ እኮ ቆየ» አለችው፣ ጨው እንዳለቀ እንደምትነግረው ዓይነት።

አፉን ከፈተ። ያቺ ለስንት ዓመት እምቢ ብላው የማታውቅ ቃል ያኔ አልመጣችለትም።

«ከነገ ጀምሮ መርፌህ ላይ ክር አላስገባልህም» አለችው።

እሱ ጉልበቱን ሲያሽ ቆየና «እንደምታስገቢልኝ አውቄዋለሁ» አላት፣ በቀስታ። «ዝም ያልኩት ሰው እንዳይሰማ ብዬ ነው።»

«ይኸው ሁሉም ሰማ። ማን ተነስቶ ሄደ?»

መካኒኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ሱሪዬን ላሳጥር ነበር፣ ጋሼ። ታክመህ ስትመለስ አመጣዋለሁ። አሁን ካመጣሁትማ ቁምጣ ታደርገዋለህ።»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ጋሽ አውቄዋለሁ ነው። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ገባ።

እሱ በሌለበት እሁድ የቴሌቪዥኑ ምስል አንዴም ሳይጠፋ ዋለ። ፊልሙን በጸጥታ፣ እንደ ጨዋ ሰው አየነው፤ ምን ያደርጋል፣ ጣዕም የለውም። መካኒኩ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ብሎ ሞከረ፤ ማንም አልሳቀለትም። የጋሽዬን ወንበር ሊቀመጥበት የመጣ እንግዳ ነበር፤ እግሩ ተሰብሯል ብዬ አስነሳሁት። ወንበሩ ምንም አልሆነም።

ፋሻው የተፈታ ዕለት የሆነውን የነገረችኝ እሷው ናት፤ አትንገሪ ብላኛለች። ያን ቀን በጠዋት ታጥባ፣ እሱ ራሱ ባለፈው ዓመት የሰፋላትን የክት ቀሚስ ለበሰች። ልክ ፊልም ላይ እንዳለው አልጋው ፊት ለፊት ቆመች። ሙዚቃም ሳልጠብቅ አልቀረሁም ብላኛለች። ነርሷ ፋሻውን ፈታችና ዞር አለች። እሱ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ፣ ጨፈን ገለጥ አደረገ። ሚስቱን ከላይ እስከ ታች አያት። እጁን ሲዘረጋላት እሷም እጇን ሰደደች፤ እሱ ግን አልፎ የቀሚሷን ጠርዝ ያዘና ወደ ብርሃኑ ገልብጦ አየው።

«አንቺ፣ ይሄን እንዲህ አጣሞ የሰፋልሽ የትኛው ዕውር ነው?»