አንደኛ ያልወጣችው እታገኝ

በአገራችን ሰነፍ ተማሪ ሞቶ አያውቅም። አትሳቁ፤ የምናገረውን አውቃለሁ። በከተማችን በመርሳና በአካባቢዋ ካረፉት ሰዎች መካከል የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ «በትምህርቱ እጅግ ጎበዝ» ነበር፤ ያልረገጠውም «ዕድሉን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ የት በደረሰ» ነበር። ደግነቱ፣ ሰው አክባሪነቱ፣ ለተቸገረ ደራሽነቱማ ሳይጻፍም የታወቀ ነው። ንፉግና ነገረኛ የሚባል ሰው በእኛ ከተማ በሕይወት ካሉት መሐል ካልሆነ በቀር አይገኝም። ከሞተማ አበቃ፤ ነገረኛው ራሱ «ያመነበትን ፊት ለፊት በመናገር የሚታወቅ» ይሆናል።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። መርሳ ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ድንኳኑ ይመጣል፣ ቀጥሎ እኔ እመጣለሁ። የእድሩ ሰዎች ከአንድ ደብተር መሐል ወረቀት ገንጥለው ይሰጡኝና ጥግ ይዤ ለቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። «ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት» ብዬ እነሣለሁ፤ «ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ እጄ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። በአጥር ተጣልተን ለዓመታት ያልተነጋገርነው ጎረቤቴ ያረፈ ጊዜም የጻፍኩለት እኔ ነኝ። «ከጎረቤቶቹ ጋር በፍቅርና በሰላም የኖረ» የሚለው ላይ ስደርስ ባለቤቴ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ምን ላድርግ እንግዲህ? ለቀስተኛ ፊት የአጥር ጉዳይ አይነሣም።

የእታገኝም ጣጣ የመጣው በዚሁ እጄ ነው። እታገኝ የይመርና የፋንታዬ ልጅ ነበረች። ይመርን ከደሴ ወልድያ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መርሳ መግቢያ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ፋንታዬ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቋ ማንጎና ፓፓያ ደርድራ ትሸጣለች። ልጃቸው የሐኪም ቤት መሣሪያ የምትጠግን ባለሙያ ነበረች። ሐኪሙ ሰውን ያክማል፣ እሷ የሐኪሙን ዕቃ ታክማለች ብዬ ብነግራችሁ ይቀልላል። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ አልፎ ጤና ጣቢያዎቻችን ባዶ ግድግዳና ስብርባሪ ዕቃ ይዘው በቀሩ ጊዜ፣ ወልድያ ተቀምጣ ወረዳችንን ሀብሩን ሁሉ በሚኒባስ እየዞረች፣ የአንዱን ማሽን ክፍል ለሌላው እየገጠመች፣ አበቃለት የተባለውን ማሽን ሁሉ ስታስነሣ ከረመች። ውርጌሳ አካባቢ እሷ በጠገነችው ማሞቂያ ውስጥ ተኝተው ነፍስ የዘሩ ጨቅላዎች ዛሬ ዶሮ እያባረሩ ይሮጣሉ።

እሷኑ የሚጠግን ግን ጠፋ። አጭር ሕመም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ሄደች።

በቀብሯ ዕለት የይመር አንደበት ተዘግቶ ነበር፣ ፋንታዬን ሴቶች ደግፈዋት ነበር። ማንን ልጠይቅ? ማንንም አልጠየቅኩም። «ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረጃዋን ለማንም ሳታስነጥቅ አንደኛ እየወጣች፣ አገር አቀፉን ፈተና በከፍተኛ ውጤት በማለፍ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩት። ቆንጆ ዐረፍተ ነገር ነበር። አስለቀሰ።

ሙት ዓመቷ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የሥራ ባልደረቦቿና የእድራችን ሰዎች ተመካከሩ። በስሟ የትምህርት ድጋፍ ይቋቋም፣ በየዓመቱ ከሀብሩ አንዲት ልጃገረድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እስክትጨርስ እንርዳ ተባለ። ይመር ይህን ሲሰማ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቀና አለ። ለኮሚቴው ሰብሳቢነት ሐጂ ሰይድ ተመረጡ፤ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አደራውን የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

መስፈርት አውጣ ተባልኩ። ሩቅ አልሄድኩም፤ ያንኑ የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክ ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ልጅቱ እንደ እታገኝ ትሁን አልኩ፦ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች፣ ክፍል ያልደገመች፣ አገር አቀፉን ፈተና በመጀመሪያው ያለፈች። ወልድያ ወስጄ በኮምፒውተር አስጻፍኩት፣ ማኅተም ተመታበት፣ ከመናኸሪያው በር ጀምሮ በየግድግዳው ተለጠፈ። አንድ ባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ሲሄድ ያየሁት ዕለት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደረቴ ነፋ አለ። የገዛ ውሸቴን ራሴው አምኜው ነበር።

ሐጂ ሰይድ ብልህ ሰው ናቸው። «እዚህ አገር ዘመድ ያልሆነ የለም፤ ስም እያየን ከመረጥን አላህም ይታዘበናል» አሉና የየፎርሙን አናት፣ ስሙ ያለበትን፣ አጥፈው በስቴፕለር መቱት። ቅዳሜ ከሰዓት በእድሩ ቤት ተሰበሰብን። ቆርቆሮው ይፋጃል። ሐጂ፣ ይመርና እኔ ጠረጴዛውን ከበናል፤ ፋንታዬ «እናት ትገኝ» ተብላ ተጠርታ ጥግ ላይ ጥቁሯን ለብሳ ተቀምጣለች። እኔ አነባለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶም ምልክት አደርጋለሁ። ሰማያዊ አጥቼ አይደለም፤ ቀይ እስክሪብቶ ከጡረታ ወዲህ በጣም ስለናፈቀኝ ነው።

ከፎርሞቹ አጋማሽ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። የዘጠነኛ ክፍል ደረጃ፦ ሠላሳ አንደኛ። የዐሥረኛ፦ ሃያ ስምንተኛ። ክፍል ደግመሽ ታውቂያለሽ? አዎ፣ ስምንተኛን። አገር አቀፍ ፈተና? ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አልፌያለሁ። ለምን መማር ትፈልጊያለሽ ለሚለው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ሰፍሯል፦ «ተበላሽቶ የተቀመጠ ነገር ማየት ስለማልወድ።» ይህን ሳሰማቸው ይመር ኮፍያውን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ይቺ ደግሞ» አልኩ፣ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሁለት ጊዜ ወድቃ ነው የእታገኝን ስም የምትመኘው? ማስታወቂያውን አላነበበችም እንዴ?» አልኩና ሰው ሁሉ በሚያመሰግነው በዚያ እጅ ጽሑፌ «አታሟላም» ብዬ ጻፍኩበት። ሐጂም «እንግዲህ መስፈርት መስፈርት ነው» አሉ።

ፋንታዬ ያን ጊዜ ተነሣች። ቀስ ብላ መጥታ ወረቀቱን ከፊቴ አነሣችው፣ ሽቦውን በጥፍሯ ነቀለችው፣ የታጠፈውን ዘረጋችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስም፦ እታገኝ ይመር።

ወገኖቼ፣ አፈርኩ። መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። ደግሞ እኮ አስተምሬያታለሁ! ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ እኔ ስለ ቅኔ ስለፈልፍ፣ እሷ የተሰበረውን የመስኮት መቀርቀሪያ ስትነካካ ይዤ አስነሥቻታለሁ። በማግስቱ መስኮቱ ይዘጋ ጀመር። በአማርኛ ስንት እንደሰጠኋት ግን አትጠይቁኝ፤ ጥሩ አልሰጠኋትም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የረሳሁት።

«አያችሁ?» አለች ፋንታዬ። አልጮኸችም። «ፎርሙን ሞልቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጄን ከገዛ ስሟ አባረራችኋት።»

«ኧረ ፋንታዬ፣ እኔ እኮ ለክብሯ ብዬ ነው...»

«የቷ ክብር? መምህር፣ አንቱ የጻፏትን ልጅ እኔ አላውቃትም። አንደኛ የወጣችው የማን ልጅ ናት? የኔዋ ወድቃለች። ውጤቷን ያየች ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ለምኜ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ስትወድቅ ሰው እንዳያያት በጓሮ ነበር የምትወጣው፤ እጇን ይዤ በፊት በር ያወጣኋት እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ስትፈተን ግቢው በር ላይ ፀሐይ ሲፈጀኝ የዋልኩት እኔ ነኝ። መውደቋን ስትፍቁባት እኮ እኔንም ፋቃችሁኝ። አንድ ልጅ ነበረችኝ፤ እሷንም ቀይራችሁ ልትመልሱልኝ ነው?»

ይመር ኮፍያውን ሲያሻሽ ቆየና፣ «እውነቷን ነው» አለ። «ወድቃ ቤት በተቀመጠች ጊዜ ነው ከኔ ጋር መኪና ሥር የገባችው። ሾፌሮቹ ሲስቁባት ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ሞተር ታዳምጥ ነበር። በመጀመሪያው አልፋ ቢሆን ኖሮ ብሎን መፍታት ማን ያስተምራት ነበር?» ኮፍያውን መልሶ ደፋና ጨመረ፦ «በቀብሯ ዕለት ሲነበብ ልክ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ፣ መምህር። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።»

ሐጂ ሰይድ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ወላሂ፣ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። አላህ ይማራት። መምህር፣ ይሄን ቀይ ነገር ያስቀምጡትና አዲስ ይጻፉ» አሉ።

ጻፍኩ። በቃል እየተነገረኝ ስጽፍ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ነጋሪዋ ፋንታዬ ናት። «ወድቃ የምታውቅ፣ ተመልሳም ተፈትና ያለፈች።» ላሳምረው፣ «ከውድቀት አቧራ ተነሥታ» ምናምን ልልበት ስሞክር እጇን ወረቀቱ ላይ ታሳርፋለች። «እንዲሁ ይበቃል፣ መምህር።» በቃ፤ እንዲሁ በቃ።

አዲሱ ማስታወቂያ የተለጠፈ ሳምንት መርሳ ላይ የሆነውን ብታዩ! የልጁን መውደቅ እንደ ነውር ደብቆ የኖረ አባት ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመኝ «የኔ እኮ ሁለቴ ነው የወደቀችው!» ይለኝ ጀመር። «የኔ ሦስቴ!» ባይም አልጠፋ። ዘመኗን ሙሉ አንደኛ ስትወጣ የኖረች ልጅ አባት ደግሞ በባጃጅ ተከትሎ ደረሰብኝና፣ «መምህር፣ አምስተኛ ክፍል ሳለች በስፖርት ዝቅተኛ አምጥታ ነበር፤ ይህቺ ትያዝልኝ» አለኝ። እንግዲህ ሰው ለልጁ ሲል የማይለው የለም። ቢሆንም በመውደቅ የሚፎካከር ከተማ ማየት ለእኔ አዲስ ነበር፤ አልደብቃችሁም፣ ደስ ብሎኝ ከረመ።

ፎርሞቹ እንደገና ታጥፈው፣ ተመርምረው፣ ሽቦው ሲነሣ የወጣችው ከውርጌሳ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች የገበሬ ልጅ፣ ዘሃራ ነበረች። አንድ ጊዜ ወድቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት ስትለቅም ከርማ፣ እንደገና ተፈትና ያለፈች ናት። ድጋፉን እንድትቀበል የተጠራችው በእታገኝ ሙት ዓመት ዕለት ነው። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ተደረገ፣ ከዚያ ሁላችንም፣ ከወልድያ የመጡት ባልደረቦቿም፣ የዘሃራ አባትና የሰፈራቸው ሰዎችም፣ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገባን። ዘሃራን ከፊት ወንበር አስቀመጧት። የተመረጠችበትን ምክንያት ሁሉም ስለሚያውቅ አንገቷን እንደ ደፋች ነበር።

የሕይወት ታሪኩን አንብብ ተባልኩ። አዲስ ጽፌ ነበር። ስንት ሬሳ ፊት ቆሜ ያላንዳች ፍርሃት ያነበብኩ ሰው፣ ያን ቀን ከየት መስመር እንደምጀምር ጠፋኝ። «አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አገር አቀፉን ፈተና ተፈተነች» አልኩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ወደቀች።»

ሰው ሁሉ ለእኔ አፍሮልኝ መሬት መሬቱን ያያል። በዚህ መሐል ፋንታዬ፣ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳ የከረመችው ፋንታዬ፣ ብድግ አለችና «እልልልል!» አለች። ፊቷ በርቷል። ልጇን ከነማንነቷ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ተቀበለቻት። ሰው ደነገጠ፤ በሙት ዓመት እልልታ ማን ሰምቶ ያውቃል? ይመር ቆመና በእነዚያ ግራሶ በበላቸው እጆቹ አጨበጨበ። ዘሃራ ቀና አለች፣ ዞራ ፋንታዬን አየቻት፣ ከዚያ ወዲያ አንገቷን አልደፋችም። እኔም «ሁለተኛም ወደቀች» ብዬ ስቀጥል፣ ሙስሊም የለ ክርስቲያን የለ፣ ሴቱ ሁሉ እልልታውን አቀለጠው።

የቀረውን ማንበብ አልቻልኩም፤ እልልታው ድምፄን ዋጠው። ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ። ደግሞም የቀረ ብዙ አልነበረም፤ ማለፏን ሁሉም ያውቃል።