አገር ቤትን በአሮጌ ራውተር

እኔ የምለው፣ ዝም ብላችሁ መቀመጥ የምትችሉ ሰዎች እንዴት ነው የምታደርጉት? እኔ ወንበር አይበረክትልኝም። ቁጭ ካልኩ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ከተነሳሁ እጄ የሚፈታው ነገር ይፈልጋል። ሚስቴ ሙሉ "አንተ ስትሞት እንኳ ከሳጥኑ ወጥተህ ሚስማሩን ታጠብቃለህ" ትለኛለች። ምን ላድርግ? የአባቴ ልጅ ነኝ።

መርካቶን በመስቀል ሰሞን አይታችኋት ታውቃላችሁ? የጉራጌ ልጅ ሱቁን ቆልፎ አገር ቤት ይገባል። ሰው ሲጋፋ የሚውልበት መንገድ ጭር ይላል፤ ድመት አስፋልት ላይ ተዘርግታ ትተኛለች። አባቴ ተክለ ሃይማኖት ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ መስቀልን ቀርተው አያውቁም። የቤተሰቡ ታላቅ ናቸዋ! እሳቸው ሳይመርቁ በበሬው ላይ ቢላዋ አይነሳም። ዘንድሮ ግን ከሱቁ መሰላል ወድቀው ጉልበታቸው ተጎዳ። ሐኪሙ መንገድ የሚባል ነገር እንዳታስቡ አለን። ሙሉ ልጆቹን ይዛ ሄደች፤ እኔ አባቴን ላስታምም ቀረሁ።

ሁለት መቀመጥ የማይችሉ ሰዎች አንድ ቤት ተዘጋባቸው በሉት። እኔ ከጓዳ ሳሎን እዞራለሁ፤ እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ግድግዳ ያያሉ። ምግብ አልበላም አሉ። "ደምሴ ነው የሚመርቀው?" ይሉኛል። ጋሽ ደምሴ ታናሽ ወንድማቸው ነው። አዎ እላቸዋለሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩና "ደምሴ?" ይላሉ እንደገና። አንጀቴን በሉት። 

ሙሉ ከዚያ ሆና በዓሉን በኢንተርኔት በቀጥታ አስተላልፍላችኋለሁ አለች። በስልኬ እንዳላሳያቸው ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው የልጅ ልጃቸውን በስልክ ባሳያቸው፣ ይቺ ጉንዳን ምንድን ናት ብለውኛል። ስለዚህ በቴሌቪዥን መሆን አለበት። ቴሌቪዥናችን ደግሞ ኢንተርኔት የሚቀበለው በገመድ ብቻ ነው፤ ዋይፋይ የሚባል አያውቅም። ሞደሙ ያለው ከፊት ሱቁ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ከኋላ አባቴ የተኙበት ክፍል።

እዚህ ላይ ነው ጆንያዬ ትዝ ያለኝ። ድሮ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ሰዉ ሁሉ በስልኩ መጠቀም ሲጀምር ቤቱ ተዘጋ፣ ዕቃው በጆንያ አልጋ ስር ገባ። ከውስጡ አንድ አሮጌ ራውተር አወጣሁ። ይህን ዕቃ ትንሽ ከመከሩት ከሱቁ ሞደም ዋይፋይ ተቀብሎ ለቴሌቪዥኑ በገመድ ያቀብላል። ደላላ በሉት፤ የራሱ ዕቃ የለውም፣ ከዚያ ተቀብሎ ለዚህ ማቀበል ነው ሥራው። የይለፍ ቃሉን ረስቼው ነበር። ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጫንኳትና እሱም የድሮውን ሁሉ እንዲረሳ አደረግሁት። መብራቱ ብልጭ ሲል ደስ አለኝ። ገመዱን ግን አይጥ በልቶታል።

ሮጥኩ ወደ ውጭ። ሱቁ ሁሉ ዝግ። ቁልፍ በቁልፍ ላይ። ወደ አንዋር መስጊድ ወረድኩ፤ ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሐጂ ከድር በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የኔትወርክ ገመድ የሚሸጥ ክፍት ሱቅ አላዩም ወይ ብላቸው ሳቁብኝ። "መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባል ነበር" አሉ። "ዛሬ የማትገኘው መርካቶ ራሷ ናት።"

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ግቢ ስገባ የተሰጣ እርጥብ አንሶላ ፊቴን ጠፈጠፈኝ። ተናድጄ ቀና ስል ገመዱን አየሁት። ለካ ሙሉ ልብስ ማስጫ ያደረገችው የኢንተርኔት ቤቴን ሰማያዊ ገመድ ኖሯል። ፀሐይ የበላውን ትቼ ከጣሪያው ስር ያለውን ደህናውን ቆረጥኩት። ልብሱ በሙሉ መሬት ወረደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔም አንሶላ ለቀምኩ። ከዚያ በገመዱ ጫፍና ጫፍ ከጆንያው ያወጣሁትን መሰኪያ ገጥሜ፣ አንዱን ከራውተሩ አንዱን ከቴሌቪዥኑ ሰካሁ።

አባቴ ከአልጋቸው ሆነው ያዩኛል። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አሉ።

መጣ እላችኋለሁ። ሰፊው ሜዳ፣ ጎጆዎቹ፣ ደመራው፣ ሰዉ። የዋዜማው ዕለት ነው። አባቴ ከትራሳቸው ቀና አሉ፤ የእያንዳንዱን ሰው ስም መጥራት ጀመሩ። ያኔ ያመጣሁላቸውን ገንፎ እንኳ ሳያውቁት ጨረሱት። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጋሽ ደምሴ ከአባቴ በርጩማ ላይ ብድግ አለና እጁን ዘረጋ። "እንዲሁ በሰላም ለከርሞ ያድርሰን" አለ። ሰዉ አሜን አለ። ጋሽ ደምሴ ተቀመጠ።

አባቴ ጠበቁ። "ሌላውስ?" አሉኝ።

ሌላ የለም።

"ከብቱስ? ዝናቡስ? ያላገባችውስ፣ ያልወለደችውስ? መንገድ ላይ ያለው ልጅስ?" ፊታቸው ተለዋወጠ። "ይሄ ምርቃት ነው ወይስ ማስታወቂያ? ነገ በሬው በዚህ ሊታረድ ነው?" ብርድ ልብሱን ገፈፉና ምርኩዛቸውን ፈለጉ። "መኪና ጥራ።"

ሐኪሙ ከልክሏል እኮ አልኳቸው። ሐኪሙ የደምሴን ምርቃት አልሰማም አሉኝ። ለሐኪሙ ብደውልለት፣ እግራቸው ተዘርግቶ፣ መንገድ ላይ እያረፋችሁ ከሆነ ይሁን አለ፤ ድምፁ ግን አኩርፏል። መኪና ተከራይቼ ፍራሽ አነጠፍኩበት፤ ነጂውም እኔው ነኝ። ሲነጋጋ ወጣን፤ በየጉድጓዱ እሳቸው "ቀስ" ይላሉ፣ ቀስ ስል ደግሞ "ምን ትጎተታለህ?" ይላሉ።

በሬው ሳይወድቅ ደረስን። ጋሽ ደምሴ ሲያያቸው ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ፣ በርጩማውንም እፎይ ብሎ ለቀቀላቸው። አባቴ ተቀመጡ። ሰዉ ከበባቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሊጀምሩ ሲሉ ሙሉን ስልኳን ደግና አዩዋት።

ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። መምጣት ላልቻሉት በቀጥታ እያስተላለፈች እንደሆነ ነገረቻቸው።

"ዝጊው" አሉ። "ማየት የፈለገ መኪና ይጥራ።"